የቤት ቋንቋና የአንደበት መፍታት፤ የዕድገት እክል ያለባቸው ሕፃናት በስደት አገር

መግቢያ

ስለ አማርኛ ቋንቋ ዕጣ በስደት ዓለም ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረናል። በየከተማው የቅዳሜና የእሑድ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል፤ የፊደል ገበታዎች ታትመዋል። በውጭ አገር የተወለደው ትውልድ የአያቶቹን ልሳን ይዞ ይቀጥላል ወይ የሚለውም ጥያቄ ከስብሰባዎቻችን ተለይቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ስማቸው የማይነሣ ልጆች አሉ። እነርሱም ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሌላ የዕድገት እክል ያለባቸው፣ ሦስትና አራት ዓመት ሞልቷቸው ገና አፋቸውን ያልፈቱ ልጆች ናቸው። ለወላጆቻቸው የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ «አማርኛውን ተዉት፤ በአገሩ ቋንቋ ብቻ አነጋግሩት» የሚል። ምክሩ አንዳንዴ ከሐኪም፣ አንዳንዴ ከአስተማሪ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከወዳጅ ዘመድ ይመጣል። ወላጆችም ልጃቸው እንዲድን ሲሉ የራሳቸውን አንደበት ይዘጋሉ።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የሚሞከረው፣ አንደኛ፣ አፋቸውን ለመፍታት የዘገዩ ሕፃናት ንግግርን እንዴት እንደሚማሩ፤ ሁለተኛ፣ ከዚህ የተነሣ ከላይ የተጠቀሰው ምክር ለምን መሠረት እንደሌለው፤ ሦስተኛ፣ አማርኛ ራሱ ለዚህ ትምህርት ምን ምቾትና ምን ችግር እንዳለው ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ከቃል በፊት ያለው ንግግር

ንግግር በቃል አይጀምርም። ሕፃን የመጀመሪያ ቃሉን ከመናገሩ አስቀድሞ ብዙ ሥራ ሠርቷል። የእናቱን ዓይን ተከትሎ ወደምታየው ነገር ተመልክቷል፤ በጣቱ ጠቁሞ «እዩልኝ» ብሏል፤ ድምፅ አውጥቶም መልስ ጠብቋል። ማይክል ስኬፍና ጀሮም ብሩነር በ1975 ያሳተሙት ጥናት፣ ሕፃናት ገና በመጀመሪያው የሕይወት ዓመታቸው የሌላውን ሰው የዓይን አቅጣጫ መከተል እንደሚጀምሩ አሳይቷል። ይህ የጋራ ትኩረት የሚባለው ችሎታ የቃል ሁሉ መሠረት ነው። ምክንያቱም «ኳስ» የሚለው ድምፅ ከኳሱ ጋር ተጣምሮ በሕፃኑ አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው፣ ተናጋሪውና ሰሚው ወደ አንድ ነገር በሚመለከቱበት ሰዓት ነው።

የዕድገት እክሎች ይህን ሰንሰለት የሚያላሉት በየራሳቸው ቦታ ነው። በግምት ከ700 እስከ 800 ከሚሆኑ ልደቶች በአንዱ በሚታየው በዳውን ሲንድረም፣ ልጁ ብዙውን ጊዜ ሰው ወዳድና ተግባቢ ነው። ችግሩ ያለው የአፍና የምላስ ጡንቻዎቹ ልል በመሆናቸው፣ የሰማውን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ በአእምሮ ይዞ ለማቆየት በመቸገሩና ከመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ የተነሣ መስማቱ አንዴ ደህና አንዴ ደካማ በመሆኑ ላይ ነው። ስለዚህ የሚረዳው ሁልጊዜ ከሚናገረው ይበልጣል። በኦቲዝም ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የጋራ ትኩረቱ ራሱ ነው። ድምፁን ማውጣት የሚችል፣ እንዲያውም ከቴሌቪዥን የሰማውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሚደግም ልጅ፣ ውሃ ሲጠማው «ውሃ» ብሎ መጠየቅ ሊያቅተው ይችላል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ከማንኛውም ትምህርት በፊት የጆሮ ምርመራ መደረግ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ መጠበቅ ሕክምና አለመሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ «አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው»፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂላችን ለአዋቂ ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ለሦስት ዓመት ሕፃን ግን ዝምታ በእርግጥ ይነቅዛል። በስንት ልጅ ላይ መዘግየቱ በራሱ ጊዜ እንደሚስተካከል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ቀድሞ የተጀመረ እርዳታ ግን ሳያስፈልግ የተጀመረ ቢሆን እንኳ ጉዳት የለውም።

፪. የትምህርቱ አመጣጥ

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ 11 ሕፃናትን ገልጾ ኦቲዝምን በስሙ ለይቶ አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ያለው የ20 ዓመት ታሪክ ለእናቶች የመከራ ታሪክ ነው። የልጁ ዝምታ የሚመነጨው ከእናቱ ቅዝቃዜ ነው የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ፤ ብሩኖ ቤትልሃይምም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ ለሰፊው ሕዝብ አደረሰው። የሥነ ልቡና ባለሙያና የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ግን አስቀድሞ በ1964፣ ነገሩ ከአእምሮ አሠራር እንጂ ከእናት ፍቅር ማጣት እንደማይመጣ ተከራክሮ ነበር። በመጨረሻ የጸናው የእርሱ ቃል ነው። ዛሬም ቢሆን «ምን በድዬ ነው?» የምትል እናት በመካከላችን ስላለች ይህን ታሪክ ማስታወሱ አይከፋም።

የንግግር ትምህርቱን በሙከራ መሠረት ላይ ለማቆም ከጣሩት አንዱ በሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረው ኢቫር ሎቫስ ነው። ዘዴው ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ንግግርን ወደ ጥቃቅን እርምጃዎች ከፍሎ፣ ትክክለኛውን መልስ በሽልማት ማጠናከር ነበር። በ1987 ባወጣው ዘገባ በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ከተማሩት 19 ሕፃናት 9ኙ ወደ መደበኛ ክፍል እንደ ገቡ ገለጸ። ውጤቱ ተስፋን አነቃቅቷል፤ ነገር ግን ሕፃናቱ በዕጣ ያልተደለደሉ ስለ ነበሩና በቅጣትም ጭምር ይሠራ ስለ ነበር ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል። ከዚህም በላይ በወንበር ላይ የተማረውን ቃል በወጥ ቤት ውስጥ የማይጠቀምበት ልጅ ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ችግር መልስ የሰጡት ሌሎች ናቸው። ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ በካንሳስ ባደረጉትና በ1975 ባሳተሙት ጥናት፣ ቃልን በልጁ ፈቃድና በጨዋታው መካከል፣ የሚፈልገውን ነገር በፈለገበት ሰዓት ማስተማር እንደሚቻል አሳዩ። በዚያው ዓመት አያላ ማኖልሰን በካናዳ፣ በሞንትሪያል፣ ወላጆች ራሳቸው ልጃቸውን እንዲያስተምሩ የሚያሠለጥነውንና በኋላ ሃነን በሚል ስም የታወቀውን ፕሮግራም ጀመረች። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2010፣ በእንግሊዝ አገር በ152 ሕፃናት ላይ የተደረገ በዕጣ የተደለደለ ሙከራ ታትሟል። በዚህ ሙከራ ባለሙያው በዋናነት የሚሠራው ከወላጁ ጋር ነበር፤ ወላጁ ከልጁ ጋር ሲጫወት በቪዲዮ ተቀርጾ መልሶ እንዲመለከት ይደረጋል። በመጀመሪያው መለኪያ በወላጅና በልጅ መካከል ያለው መግባባት ጎልቶ ተሻሻለ፤ የኦቲዝሙ ምልክት ራሱ ግን ብዙም አልተለወጠም። ሕፃናቱ አድገው በ2016 ክትትሉ ሲታተም ግን የምልክቶቹ ክብደት ቀንሶ ተገኝቷል።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ አቅጣጫ ግልጽ ነው። ትምህርቱ ከክሊኒክ ወንበር ወደ ቤት ወለል፣ ከባለሙያው እጅ ወደ ወላጅ እጅ እየወረደ መጥቷል። ይህም ከሆነ «ወላጁ በየትኛው ቋንቋ ያስተምር?» የሚለው ጥያቄ ዋና ጥያቄ ይሆናል እንጂ የጎን ጉዳይ አይደለም።

፫. አንድ ቋንቋ ወይስ ሁለት?

«አንዱን ያልቻለ ልጅ ሁለቱን እንዴት ይችላል?» የሚለው አስተሳሰብ ለሰሚው ጆሮ እውነት ይመስላል። ሲመረመር ግን የጸና ሆኖ አልተገኘም። ኤልዛቤት ኬይ ሬይኒንግ በርድና ባልደረቦችዋ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ በሁለት ቋንቋ ያደጉ 8 የዳውን ሲንድረም ልጆች በእንግሊዝኛ ብቻ ካደጉ መሰሎቻቸው ጋር ተነጻጽረው ነበር። እንግሊዝኛቸው ከእነዚያ አላነሰም፤ በተጨማሪም ሁለተኛ ቋንቋ ነበራቸው። ካትሪን ሃምብሊና ኤሪክ ፎምቦን በ2012 ስለ ኦቲዝም ልጆች ያሳተሙት ጥናትም፣ ሁለት ቋንቋ መስማታቸው ተጨማሪ መዘግየት እንዳላመጣባቸው አረጋግጧል። የመጀመሪያው ጥናት የተመለከታቸው ልጆች ጥቂት መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ሚዛኑ ያለው በማን በኩል እንደ ሆነ መታየት አለበት፤ አንድን ቤተሰብ ቋንቋውን እንዲጥል የሚመክር ሰው ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ ያለበት እርሱ ነው። ያንን የሚደግፍ ማስረጃ ግን አልቀረበም።

ከጥናቱ ባሻገር ነገሩን በቤት ውስጥ እንመልከተው። ሁለት ሦስት ሥራ እየሠራች፣ እንግሊዝኛን ወይም ጀርመንኛን በሥራ ቦታ የለመደች እናት፣ በዚያ ቋንቋ ማዘዝና መከልከል ትችላለች። ማባበል፣ ማላገጥ፣ ማንጎራጎር፣ አንድን ነገር በሦስት ዓይነት አነጋገር ደጋግሞ መግለጽ ግን ይከብዳታል። ስለዚህ አማርኛው ሲቆም በቦታው የሚተካው የበለጸገ እንግሊዝኛ አይደለም፤ «ተቀመጥ፣ ተው፣ ብላ» የሚል የተራቆተ ንግግር ነው፤ ቀጥሎም ዝምታ ነው። አያት ከአገር ቤት መጥታ ከልጁ ጋር የምትግባባበት ቋንቋ ታጣለች። እንግዳ በተሰበሰበበት የቡና ሰዓት ልጁ የሚሰማው ሁሉ ለእርሱ ያልተባለ ይሆናል። ቃላት ከምንም በላይ በብዛትና በድግግሞሽ ለሚያስፈልጉት ልጅ፣ የሚያነጋግሩትን ሰዎች ቁጥር መቀነስ ምን ዓይነት ሕክምና ነው?

ይህ ማለት የትምህርት ቤቱ ቋንቋ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ያስፈልጋል፤ ልጁም በትምህርት ቤት ያገኘዋል። በብዙዎቻችን ቤት እንደሚታየው አባት ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ እናት አማርኛ የሚናገሩ ከሆነም ደንቡ ያው ነው፤ እያንዳንዱ ሳያስብ በሚመጣለት፣ ስሜቱን በሚገልጽበት ቋንቋ ያነጋግረው። ከልብ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ወላጅም በግድ አማርኛ ይናገር አይባልም። መለኪያው የወላጁ አንደበት የሚፈታበት ቋንቋ ነው።

፬. አማርኛ ለዚህ ትምህርት ያለው ጠባይ

የንግግር ትምህርት መጻሕፍት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ለእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲገለበጡ ከቋንቋው ጠባይ ጋር የሚጋጩባቸው ቦታዎች አሉ። ከነዚህ አራቱን ብቻ እንመልከት።

ሀ. የቃል ቁጥር። ባለሙያው ልጁ ሁለት ቃል፣ ሦስት ቃል ያጣምር እንደ ሆነ ይቆጥራል። በአማርኛ ግን «አልፈልግም» ያለ ልጅ፣ እንግሊዝኛው በአራት ቃላት የሚናገረውን በአንድ ቃል ጨርሷል፤ ባለቤቱ፣ ግሱና አሉታው ሁሉ በውስጡ አሉ። ሮጀር ብራውን በ1973 ባሳተመው ሥራ የልጆችን ንግግር በቃል ሳይሆን ትርጉም ባላቸው የቃል ክፍሎች መለካቱ ለዚህ ይጠቅማል። ስለዚህ ወላጅ ልጁ የሚላቸውን የአማርኛ ቃላት ከነትርጉማቸውና ከነክፍላቸው ጽፎ ለባለሙያው ሊያቀርብ ይገባል፤ አለዚያ ልጁ ካለበት በታች ይመዘናል።

ለ. የሚለዋወጡና የማይለዋወጡ ቃላት። ልጁ ለአባቱ «ስጠኝ»፣ ለእናቱ «ስጪኝ» ማለት አለበት፤ «ና» እና «ነይ»፣ «እንካ» እና «እንኪ» እንዲሁ ናቸው። ለጀማሪ ይህ ከባድ ነው። ስለሆነም በማይለዋወጡት መጀመር ይሻላል፤ «ሌላ»፣ «በቃ»፣ «እምቢ»፣ «እሺ» የመሳሰሉት አጫጭር ቃላት በየትኛውም ሰዓትና ለማንኛውም ሰው ያገለግላሉ። በተለይ «በቃ» እና «እምቢ» ከመጮህና ከመንከስ ስለሚያድኑ በቶሎ ዋጋቸውን ይከፍላሉ። ልጁ እናቱን «ስጠኝ» ቢላት፣ ተሳስተሃል ሳይባል ይሰጠው፤ «ስጪኝ፤ ይኸው!» ብላ ትክክለኛውን ብታሰማው ይበቃል።

ሐ. የገደል ማሚቶ ንግግር። ብዙ የኦቲዝም ልጆች የሰሙትን መልሰው ይደግማሉ። ባሪ ፕሪዛንት በ1980ዎቹ ያደረጋቸው ጥናቶች ይህ ድግግሞሽ ከንቱ ጩኸት ሳይሆን ብዙ ጊዜ የመግባባት ሙከራ መሆኑን አሳይተዋል። በአማርኛ የሚያስከትለው ችግር ግን ልዩ ነው። እናት «ውሃ ትፈልጋለህ?» ስትል ልጁ «ትፈልጋለህ» ብሎ ቢመልስ፣ እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። መፍትሔው ጥያቄውን ትቶ የልጁን ድርሻ ስለ እርሱ መናገር ነው፤ ብርጭቆውን እንደ ያዘች «ውሃ ስጪኝ» ትላለች፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትሰጠዋለች። የሚደግመው ቃል በቀጥታ የሚያገለግለው ቃል ይሆናል።

መ. የቁልምጫ አጠራር። እኛ ወንድ ልጅን በፍቅር «አንቺ» እንላለን፤ ሴትዋንም «አንተ» እንላታለን፤ ልጃችንንም «እማዬ»፣ «አባቴ» እያልን እንጠራለን። ይህ ውብ ልማድ ነው፤ ማንም እንዲተወው አይመከርም። ነገር ግን ካነር ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስተዋለው «እኔ» እና «አንተ» የመቀያየር ችግር ላለበት ልጅ፣ በትምህርቱ ሰዓት ስሙን በስሙ፣ ጾታውን በጾታው መጥራት እንቅፋቱን ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው።

የድምፅን ጉዳይ በአጭሩ ብናነሣ፣ በከንፈር የሚነገሩት ማ እና ባ ለጀማሪ ቀላል ናቸው፤ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ ግን ጉሮሮንና ምላስን ወይም ከንፈርን በአንድነት ያሠራሉ። በተለይ ጡንቻው ልል የሆነ ልጅ «ቆሎ»ን አኮላትፎ ቢናገር፣ ቃሉን መናገሩ ይወደስ እንጂ ድምፁ አይታረም።

የአሠራሩ ሥርዓት ራሱ በማንም ቤት የሚቻል ነው። ወላጁ ከልጁ ፊት ለፊት ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ያነሣውን ነገር ያነሣል እንጂ የራሱን አያስገድድም። ከልጁ ንግግር አንድ እርምጃ ብቻ የሚቀድም አጭር ቃል ይናገራል፤ ምንም ለማይል አንድ ቃል፣ አንድ ቃል ለሚል ሁለት። ከዚያም በልቡ እስከ አሥር ቆጥሮ ይጠብቃል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ መጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ተራው ለልጁ ካልተለቀቀ ልጁ ምን ጊዜ ይናገራል? «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ መጠየቅ ፈተና እንጂ ትምህርት አይደለም። ይህን ለማድረግ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ከሚለው አመለካከት መላቀቅ ግድ ይላል። ለዚህ የሚረዳ ነገር ደግሞ ከባህላችን አይጠፋም፤ ኩኩሉ ጨዋታ ጠሪና መላሽ ያለበት፣ ተራ መጠበቅን የሚያስተምር ጨዋታ ነው።

፭. ምልክት፣ ሥዕልና ፊደል

ወላጆችን የሚያስፈራ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ልጁ በእጅ ምልክት ወይም በሥዕል መግባባት ከለመደ ከመናገር ይሰንፋል የሚለው ሥጋት ነው። ማርጋሬት ዎከር በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ማካቶን የተባለውን የምልክት ዘዴ ጀመረች፤ አንዲ ቦንዲና ሎሪ ፍሮስትም በ1985 በአሜሪካ፣ በደላዌር ግዛት፣ ሥዕል ሰጥቶ የሚፈለገውን ነገር መቀበልን የሚያስተምር ዘዴ አወጡ። በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የቀደሙትን ጥናቶች አሰባስበው ባቀረቡት ግምገማ፣ በጥብቅ ከተመረመሩት 27 ሰዎች መካከል ንግግሩ የቀነሰበት አንድም አልተገኘም፤ 89 ከመቶው እንዲያውም ንግግራቸው ጨምሯል። ምልክቱ ምርኩዝ ነው፤ እግር ሲጸና ይጣላል። ልጁ የራሱን ሐሳብ በራሱ እጅ ማቅረብ አለበት፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደ ተስፋፋው፣ የሌላ ሰው እጅ የልጁን እጅ ይዞ በጽሕፈት መኪና የሚያስጽፍበት ዘዴ ግን በፈተና ሲመረመር የሚናገረው ልጁ ሳይሆን ደጋፊው መሆኑ ስለ ታወቀ ሊጠነቀቁት ይገባል።

ፊደልም እንደ ምርኩዝ ያገለግላል። ሱ በክሊ በእንግሊዝ አገር፣ በፖርትስመዝ፣ ከ1980 ጀምሮ ባደረገችው ጥናት፣ የዳውን ሲንድረም ልጆች በዓይን የሚያዩትን በጆሮ ከሚሰሙት ይልቅ ስለሚያስታውሱ፣ የተጻፈ ቃል ንግግርን ሊያስጀምር እንደሚችል አሳይታለች። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል መልካም አጋጣሚ አለው። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲነጠል ብዙ ጊዜ ሊጠራ የማይችል ድምፅ ነው፤ «ማ» ግን ብቻውን የሚነገር ሙሉ ቀለም ነው። ሳድሱ አንዴ አናባቢ ያለው አንዴ የሌለው መሆኑ፣ የሚጠብቀውም ከማይጠብቀው በጽሑፍ አለመለየቱ ችግር ቢሆንም፣ ለጀማሪ ልጅ «አባ»፣ «ዳቦ»፣ «ውሃ» ብሎ በካርድ ላይ ጽፎ ከነገሩ ጋር ማሳየት ይቻላል።

ይህን በተግባር ያዩት በአሜሪካ ኖረው ወደ አገራቸው የተመለሱት፣ ራሳቸውም የኦቲዝም ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በአማርኛ ፊደል ድምፆች ላይ የተመሠረተና አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያሉትንም የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው አንድ ነገር አስተምሮናል፤ የኛ ልጆች ትምህርት ሁልጊዜ ከውጭ ተተርጉሞ መምጣት የለበትም። በኋላም የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ስለዚህ በአማርኛ የሚሠራ ሥራ አለ፤ በስደት ያለው ወላጅና ባለሙያም ከዚያ ሊቀዳ ይችላል።

፮. ስለ መብት

በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። በ1975 የወጣው የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የትምህርት ሕግ በ1986 ተሻሽሎ ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ላሉት ሕፃናትም መንገድ ከፈተ፤ በ1990ም ስሙን ቀይሮ ኦቲዝምን በግልጽ አካተተ። በዚህ ሕግ መሠረት ወላጅ ራሱ ምርመራ መጠየቅ ይችላል፤ ምርመራውም ያለ ክፍያ ነው። ፍጹም የማይቻል ካልሆነ በቀር ልጁ በሚናገርበት ቋንቋ መመርመር አለበት። ትምህርት ቤቱም ወላጁ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ አስተርጓሚ እስከ ማቅረብ ድረስ ግዴታ አለበት። የስምንት ዓመት ታላቅ እህት ስለ ወንድምዋ እክል ለእናትዋ እንድታስተረጉም ማድረግ ግን ሕጉም ሕሊናም የሚፈቅደው አይደለም።

ማጠቃለያ

የዕድገት እክል ያለበት ልጅ ንግግርን የሚማረው ከሚወደው ሰው ጋር፣ በሚፈልገው ነገር ዙሪያ፣ ብዙ ጊዜ ደጋግሞ በመስማትና ተራውን በማግኘት ነው። ይህን ሁሉ ሊሰጠው የሚችለው በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያየው ባለሙያ ብቻውን አይደለም። የቤቱ ሰው ነው። የቤቱ ሰው ደግሞ የሚናገረው በራሱ ልሳን ነው።

ምሁራን ማኅበሮቻችንም ከዚህ አንጻር የሚሠሩት ሥራ አላቸው። በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች የንግግር መመዘኛ፣ የመጀመሪያ ቃላት ዝርዝር፣ የወላጆች መመሪያ ያስፈልጋል፤ የቋንቋ ሊቃውንትና የሕክምና ባለሙያዎች በመካከላችን አሉና ይህ ከአቅማችን በላይ አይደለም። የቅዳሜ ትምህርት ቤቶቻችንም ቃል ለሌለው ልጅ አንድ ወንበር ማኖር አለባቸው። አማርኛ በስደት ይኖራል ወይስ ይሞታል ብለን ስንጠይቅ፣ በዚህ ቋንቋ «በቃ» እና «እምቢ» ለማለት እየታገለ ያለውን የአራት ዓመት ልጅም ከተናጋሪዎቹ መካከል እንቁጠረው።